ኦቢቪ፣ ቪዋፕ ወይስ ኤምኤፍአይ? ከደብረ ማርቆስና ከባሕር ዳር ለሚነግድ የትኛው ይሻላል

የቡሬ የበቆሎ ነጋዴ ዋጋ ጨመረ ሲባል ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ኩንታል ተሸጠ?» ብሎ ነው። በጥቂት ጆንያ የጨመረ ዋጋና በመኪና ሙሉ ጭነት የጨመረ ዋጋ አንድ አይደሉም። የቮሊዩም (የተሸጠው መጠን) ኢንዲኬተሮችም፣ ማለትም ከዋጋና ከመጠን ተሰልተው ቻርት ላይ የሚሳሉ መስመሮች፣ የሚመልሱት ይህንኑ ጥያቄ ነው። በቴሌግራም የሚሸጥ «ልዩ ኢንዲኬተር» ላይ ብር ከማውጣታችሁ በፊት በነጻ የሚገኙትን ሦስቱን፣ ኦቢቪን (OBV)፣ ቪዋፕን (VWAP) እና ኤምኤፍአይን (MFI) ለዩ።

ከሁሉ በፊት ግን ቮሊዩሙ ከየት እንደመጣ እወቁ። የአሜሪካ አክሲዮኖችና ፊውቸርስ (ለወደፊት ርክክብ ዛሬ ዋጋ የሚቆረጥባቸው ውሎች) የሚገበያዩት በተደራጀ ገበያ ስለሆነ ቁጥሩ እውነተኛ ግብይት ነው። ፎሬክስ (የውጭ ምንዛሪ ንግድ) እና ስፖት ወርቅ (በወቅቱ ዋጋ የሚነገድ ወርቅ) ማዕከላዊ ገበያ የላቸውም። ስለዚህ ሜታትሬደር 5 በተባለው የመነገጃ መተግበሪያ ላይ የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ቲክ ቮሊዩም ነው፤ በብሮከራችሁ (በአገናኛችሁ ድርጅት) ዘንድ ዋጋው ስንት ጊዜ እንደተንቀሳቀሰ ይቆጥራል እንጂ ምን ያህል እንደተገዛ አይናገርም። የገበያውን ሞቅታ ለማየት ይጠቅማል፤ ገንዘብ ገባ ወጣ ለማለት ግን አይበቃም። ክሪፕቶ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ኤክስቼንጅ የራሱን ቁጥር ያሳያል፤ ራስ ለራስ እየገዙ እየሸጡ ቁጥር የሚያሳብጡም አሉ።

ኦቢቪን ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ጆ ግራንቪል ነው፣ በ1963 እ.ኤ.አ.። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ዋጋው ከትናንቱ ከፍ ብሎ ከዘጋ የቀኑ ቮሊዩም ይደመራል፣ ዝቅ ብሎ ከዘጋ ይቀነሳል። የመስመሩ ቁጥር ራሱ ትርጉም የለውም፤ አቅጣጫውን ብቻ እዩ። ዋጋው አዲስ ከፍታ ሲሠራ ኦቢቪ ካልተከተለው ጭማሪው ገዢ እያነሰው ነው ማለት ነው። ድክመቱ ዋጋው በአንድ ሳንቲም ቢጨምርም የቀኑን ቮሊዩም በሙሉ መደመሩ ነው። ይህ ለሚያሳስበው ቻይኪን መኒ ፍሎው የሚባል ሌላ ኢንዲኬተር አለ፤ እሱ ዋጋው ከቀኑ ከፍተኛና ዝቅተኛ መካከል የት ላይ እንደዘጋ ይመዝናል።

ቪዋፕ በቮሊዩም የተመዘነ አማካይ ዋጋ ነው። 100 አክሲዮን በ10 ዶላር፣ 300 ደግሞ በ12 ዶላር ቢሸጥ ተራው አማካይ 11 ሲሆን ቪዋፕ 11.50 ነው። ዋጋው ከመስመሩ በላይ ከሆነ የዕለቱ ገዢዎች በአማካይ አትርፈዋል። በየዕለቱ ከዜሮ ስለሚጀምር ለዕለት ንግድ እንጂ ለሳምንታት ትሬንድ (የዋጋ አቅጣጫ) አይሆንም። ከሥራ መልስ ለሚነግድ ሰዓቱ ይመቻል፦ የኒውዮርክ ገበያ የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10:30 ነው፣ በእነሱ ክረምት 11:30። ነገር ግን ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ በደቂቃ ቻርት መነገድ አደገኛ ነው፤ መውጣት ስትፈልጉ ኔትወርኩ ሊጠፋ ይችላል። ስቶፕ ሎስ (ኪሳራው የወሰናችሁት ዋጋ ላይ ሲደርስ ንግዱን የሚዘጋ ትዕዛዝ) ሳታስገቡ ቪዋፕን ይዛችሁ እንዳትገቡ እለምናችኋለሁ።

ኤምኤፍአይ ከ0 እስከ 100 የሚለካ፣ የዋጋን ጭማሪና ቅናሽ ከሚያወዳድረው አርኤስአይ (RSI) ጋር የሚመሳሰል ግን ቮሊዩም የተጨመረበት ነው። የተለመደው ቅንብር 14 (በዕለታዊ ቻርት 14 ቀን) ሲሆን ከ80 በላይ ብዙ ተገዝቷል፣ ከ20 በታች ብዙ ተሸጧል ይባላል። ገበያው ወደ ጎን ሲሄድ ጥሩ ነው። በጠንካራ ትሬንድ ውስጥ ግን ከ80 በላይ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል፣ በዚያ ምልክት ብቻ የሸጠ ይጎዳል።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ቀን መደበኛ ሥራ ላለው ሰው ኦቢቪን በዕለታዊ ቻርት። ማታ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል፣ ኔትወርክም ብዙ አይፈልግም። ምሽቱን ቁጭ ብሎ የአሜሪካ አክሲዮን የሚነግድ፣ አስተማማኝ ኢንተርኔትም ያለው ቪዋፕን ይያዝ። ኤምኤፍአይን ከአንዱ ጋር እንጂ ብቻውን አልመክርም። በጥር 2017 ዓ.ም. በተከፈተው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ላይ አክሲዮን ለሚገዛ ግን ገና ጥቂት ድርጅቶች ስለሆኑ ከሦስቱም ይልቅ የድርጅቱን የሒሳብ ሪፖርት ማንበብ ይጠቅመዋል።

ኦቢቪና ኤምኤፍአይ ሜታትሬደር 5 ውስጥ አብረው ይመጣሉ፤ ቪዋፕ ግን የለም፣ ትሬዲንግቪው በተባለው የቻርት ድረ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ወርቅ የምትነግዱ ደግሞ ኦቢቪን በስፖቱ ላይ ሳይሆን በወርቅ ፊውቸርስ ዕለታዊ ቻርት ላይ ክፈቱት። በነጻ የሚታየው ዳታ በደቂቃዎች ቢዘገይም ለዕለታዊ ቻርት ለውጥ አያመጣም፣ ቮሊዩሙም እውነተኛ ነው።