ሕንድ በጨዋታ ውስጥ፦ አንድ ሕዝብ ወይስ አራት?

በ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» የኮምፒውተር ጨዋታ የመካከለኛው ዘመን ሕንድ በሁለት መንገድ ቀርቧል። በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጫዋቹ መርጦ የሚመራው «ሕንዳውያን» የሚባል አንድ ሕዝብ ብቻ ገባ፤ በ2022 ግን ሂንዱስታኒ፣ ጉርጃራ፣ ቤንጋሊና ድራቪዲያን ተብሎ በአራት ተከፈለ።

አንድ ማድረጉ ለጀማሪ ይቀላል። ከዚህ ያለፈ ጥቅም አይታየኝም፤ የሰሜኑን የዴልሂ ሱልጣንና የደቡቡን የቾላ መንግሥት ንጉሥ አንድ ዓይነት ጦር ማስታጠቅ ሁለቱንም መበደል ነው።

የአራቱ አከፋፈል ሚዛን የሚደፋው በተለይ ወደ ደቡብ ሲወረድ ነው። ድራቪዲያኖች በባሕር ኃይል በርትተዋል፤ ይገባቸዋልም። ቀዳማዊ ራጄንድራ ቾላ በ1025 ገደማ መርከቦቹን ባሕር አሻግሮ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ማዕከሉን ያደረገውን የስሪቪጃያ መንግሥት ወደቦች ወግቷል። ልዩ ወታደራቸው የያዘው ኡሩሚም የደቡቡ ነው፦ እንደ መቀነት ወገብ ላይ የሚጠመጠም፣ ሲመዘዝ የሚወናጨፍ ስስ ሰይፍ።

ቤንጋልም በስሟ መቆሟ ለእኛ ትርጉም አለው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከ1487 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ዙፋኗ ላይ የተቀመጡት ከአፍሪካ ቀንድ በባርነት ሄደው በውትድርና የገነኑ ሐበሾች ነበሩ። «ሕንዳውያን» በሚለው ጥቅል ስም ሥር ይህ ታሪክ መግቢያ አልነበረውም።

ቅሬታዬ አንድ ነው፦ የደቡብ ሕንዶቹ ታሚሉ፣ ቴሉጉውና የካርናታካው ሰው ዛሬም «ድራቪዲያን» በሚል አንድ ስም ተጠቅልለዋል። ቋንቋቸው ከሰሜኑ የኢንዶ አርያን ቤተሰብ የተለየ መሆኑ እርስ በርስ አንድ አያደርጋቸውም። የደቡቧ መንግሥት ቪጃያናጋራ ራሷን ችላ ብትቀርብ ደስታዬ ወደር አይኖረውም።