የድምፅ ሞገድ የነፋስ መለኪያ፦ አዳማ ላይ በጋውንም ክረምቱንም ካየሁበት በኋላ

አዳማ ዙሪያ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያየው ነፋሱን ነው። 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት በምክንያት ነው። ነፋስ እያለ የተረጨ መድኃኒት ደግሞ የሚያርፈው ጎረቤት ማሳ ላይ ነው። ስለዚህ ነፋስ በሚያዞራቸው ኩባያዎች የሚለካውን ባለ ኩባያ መለኪያ ትቼ በድምፅ ሞገድ የሚሠራውን ገዛሁ።

የሚሽከረከር ነገር የለውም። በክንዶች ጫፍ ላይ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ጥንድ ድምፅ ላኪና ተቀባዮች ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይላላካሉ። ከነፋሱ ጋር የሚሄደው ቶሎ ይደርሳል፤ ነፋሱን የሚገጥመው ይዘገያል። የእኔው ላይ በተያዩት መካከል ያለው ርቀት 20 ሴንቲ ሜትር ነው። በ20 ዲግሪ አየር ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ነፋሱ በሰከንድ 10 ሜትር ሲሆን የሁለቱ ልዩነት 34 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ነው። ፍጥነቱ የሚሰላው ከዚህ ነው። የሁለቱ ጉዞ ፍጥነት አማካይ ሲወሰድ ደግሞ የነፋሱ ድርሻ ይጣፋና የድምፁ የራሱ ፍጥነት ይቀራል፤ ሙቀቱ የሚገኘው ከእሱ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ብትሆንም የአየሩ መሳሳት ስሌቱን አያዛባም።

በነፋስ በኩል እጅግ ረክቻለሁ። ኩባያ ለመዞር የሚገፋው ይፈልጋል፣ ያውም የበጋው አቧራ ኩሽኔታው ውስጥ ከገባ በኋላ። ማለዳ ዜሮ ሲያሳይ አየሩ ቀስ እያለ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሄዳል። ይኼኛው ያንን ይይዛል፤ አቅጣጫውንም ይናገራል። አሁን ርጭት የማስጀምረው እሱን አይቼ ነው።

ሙቀቱን ግን እንዳለ አልቀበልም። የውሃ እንፋሎት ከደረቅ አየር ስለሚቀል እርጥብ አየር ውስጥ ድምፅ ይፈጥናል፤ መሣሪያው ይህን እንደ ሙቀት ይቆጥረዋል። በአንድ ኪሎ አየር ውስጥ 12 ግራም እንፋሎት ካለ ንባቡ 1.8 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሐምሌ ላይ ጥላ ሥር ካለው ቴርሞሜትር ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ይታያል፤ ታኅሣሥ ላይ ይጠባል። እርጥበት መለኪያ ካለ በስሌት ይታረማል። በሌላ በኩል የሚለካው አየሩን ራሱን እንጂ ፀሐይ ያጋለውን ብረት ስላልሆነ ቀትር ላይ አይታለልም።

ክንዶቹን አደራ! ርቀቱ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ የነፋሱ ንባብ የሚስተው በ0.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ግን 3 ዲግሪ ያህል ይስታል። ስለዚህ ወፍ የሚከለክል እሾህ ያለውን ይምረጡ፤ ሲያጓጉዙም በክንዱ አይያዙት።

ዶፍ ሲወርድ ጠብታ ስለሚንጠለጠልበት ንባቡ ይቆራረጣል። የሸረሪት ድርም ያውከዋል፤ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ዋጋው ከባለ ኩባያው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለሙቀት ብቻ ከሆነ አይግዙት፤ ጥላ ሥር የተሰቀለ ጥሩ ቴርሞሜትር ይሻላል። ርጭት ላለበት ማሳ ግን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። እኔም ከመጪው ክረምት በፊት እርጥበት መለኪያ እጨምርለታለሁ።