ፍየሎቼን ላተረፈችልኝ የእንስሳት ሐኪም

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻና አካባቢዋ ፍየል እያለባችሁ ለምትኖሩ ሁሉ ይህን ምስጋና በአደባባይ ካልጻፍሁ ዕዳ ይሆንብኛል።

ኅዳር ላይ ከባቲ የሰኞ ገበያ 2 የሚታለቡ ፍየሎች ገዝቼ በዚያው ዕለት ከነባሮቹ 11 ጋር አንድ ጉሮኖ ውስጥ አሳደርኋቸው። በሳምንቱ የአንደኛዋ ዓይንና አፍንጫ ይፈስ ጀመር፤ ወተቷም ነጠፈ። አንድ መድኃኒት ሻጭ ፍየሏን ሳያያት «የሳንባ በሽታ ነው» ብሎ መርፌ ሸጠልኝ። 3 ቀን አስወጋኋት። በአራተኛው ቀን አፏ ቆስሎ፣ ተቅማጥ አጣድፏት አገኘኋት፤ ሌሎችም ማንጠስ ጀምረዋል።

የእንስሳት ሐኪሟ ስትመጣ መርፌ አላወጣችም። የእያንዳንዷን ከንፈር እየገለበጠች ድዷን አየች፤ ሙቀቷን ለካች። የፍየል ሳንባ በሽታ አፍ እንደማያቆስልና ተቅማጥ እንደማያመጣ፣ ይኼ ግን ደስታ መሰል የሚባለውን የበግና የፍየል ቫይረስ፣ ፒፒአርን፣ እንደሚመስል አስረዳችኝ። ናሙና የወሰደችው ከምታጣጥረው ሳይሆን ትኩሳቱ ገና ከጀመራት ፍየል ነው፤ ቫይረሱ በዓይንና በአፍንጫ ፈሳሽ በደንብ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነውና። ናሙናውን በበረዶ ይዛ ኮምቦልቻ ላቦራቶሪ ያደረሰችው ራሷ ናት። ውጤቱም እንደጠረጠረችው ሆነ።

ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ስሙ ሲነሳ አያቴ ይነግሩን የነበረው ክፉ ቀን ትዝ አለኝ፤ የአገሩን ከብት ጠራርጎ ሰው ያስራበው በሽታ። እሱ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ዘመዱ ግን እኔ ጉሮኖ ውስጥ ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ ያልታመሙትን ሰኞ ባቲ አውጥቼ ልሸጥ አስቤ ነበር። «እትዬ፣ ገበያ ካወጧቸው እርስዎ ላይ የደረሰው ሌላዋ እናት ላይ ይደርሳል» አለችኝ። ቫይረሱን የሚፈውስ መድኃኒት እንደሌለ ሳትደብቅ ነግራኝ፣ የታመሙትን ለየች፤ ቫይረሱን ተከትሎ ለሚመጣው የሳንባ ምች መድኃኒት፣ ለተቅማጡ ደግሞ ጨውና ስኳር የገባበት ውኃ አዘዘች። 3 ሳምንት ሙሉ ከጉሮኖዬ ፍየል አልወጣም፣ አልገባም። እሷም የጎረቤቶቼን ፍየሎችና በጎች ቤት ለቤት እየዞረች አስከተበች። ክትባቱ ቢሾፍቱ የሚመረተው ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ በበረዶ ላይ ይዛ ቶሎ ቶሎ ስትጨርስ፣ ሙቀት እንዳያበላሸው ስትጠነቀቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ግልገሎቹን ዕድሜያቸው ሲደርስ ቀጠሮዋን ጠብቃ ተመልሳ ከተበቻቸው።

4 ፍየሎች ሞተውብኛል፤ ከእነሱ አንዷ ልጆቼን በወተቷ ያሳደገች ነበረች። 9ኙ ግን ቆመዋል፤ ከጎረቤቶቼም አንድ እንኳ አልሞተባቸውም። ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ድካምሽን አይቻለሁ።

ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ፍየላችሁ ዓይኗ መፍሰስ በጀመረበት ቀን ደውሉላት፤ እንደ እኔ አራተኛውን ቀን አትጠብቁ።