ሳታ ወይስ ኤንቪኤምኢ? ኤስኤስዲ ከመግዛታችሁ በፊት

ኤስኤስዲ፣ ማለትም ሃርድ ዲስክን የሚተካ ፈጣን የፋይል ማስቀመጫ፣ ልትገዙ ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "ስንት ጊጋ?" ብሎ ነው። እኔ ግን ከሱ በፊት ዲስኩ በየትኛው ባስ እንደሚሠራ ጠይቁ እላለሁ። ዳታው ከዲስኩ ወደ ፕሮሰሰሩ የሚሄድበት መስመር ማለት ነው። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኙት ሁለት ነው፤ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ።

ሳታ የቆየው ነው። ሲግናሉ የሚያልፈው በሁለት ጥንድ ሽቦ ሲሆን አንዱ ጥንድ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። ሦስተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲመጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 6 ጊጋቢት ተባለ። ልብ በሉ፣ ቢት ነው እንጂ ባይት አይደለም። ከሚላከው 10 ቢት ውስጥ ዳታ የሚሆነው 8ቱ፣ ማለትም አንድ ባይት፣ ብቻ ነው። ስለዚህ ጣሪያው በሰከንድ 600 ሜጋባይት ነው፤ ማሸጊያው ላይ 550 ገደማ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ውዱን የሳታ ዲስክ ብትገዙም ከዚህ አያልፍም።

ኤንቪኤምኢ የሚሠራው በፒሲአይኢ ነው። ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ያው ባስ ነው። ባሱ ሌን በሚባሉ መስመሮች የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ሌን የራሱ መላኪያና መቀበያ ጥንድ አለው፣ ዲስኩ ደግሞ ብዙ ጊዜ አራት ሌን ይጠቀማል። ጥሩ ዲስክ በፒሲአይኢ ሦስተኛው ትውልድ 3500፣ በአራተኛው 7000 ሜጋባይት ገደማ በሰከንድ ያነባል። 50 ጊጋ የሚሆን የቪዲዮ ፋይል በሳታ ለማንበብ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ በ3500ው 15 ሰከንድ አይሞላም።

ታዲያ ሁሉም ሰው ኤንቪኤምኢ ይግዛ? አይደለም። ላፕቶፓችሁ እስካሁን በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ ሳታውም ያስደስታችኋል። ሃርድ ዲስክን የሚያንቀራፍፈው እየተሽከረከረ ፋይሉን መፈለጉ ነው፤ ኤስኤስዲ ደግሞ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ሲኬድ ግን ዎርድና ብራውዘር ብቻ ለሚከፍት ሰው ለውጡ እምብዛም አይታወቅም። ቪዲዮ ኤዲት የምታደርጉ ወይም ትልልቅ ፋይል የምታገላብጡ ከሆነ አታመንቱ፣ ኤንቪኤምኢ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ኤም.2 ላይ ነው። ኤም.2 የቅርጹ ስም ነው፤ ያቺ ማስቲካ የምታህል ቀጭን ካርድ ሳታም ኤንቪኤምኢም ልትሆን ትችላለች። ወርቃማ ፒኖቹን እዩ። ሁለት ቦታ የተቆረጠ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሳታ ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ኤንቪኤምኢ። ያም ሆኖ ሌብሉን ሳታነቡ አትክፈሉ። ስሎቱ (መሰኪያው) ውስጥ ልክ ስለገባ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ላፕቶፕ የሚቀበለው አንዱን ዓይነት ብቻ ነው። የላፕቶፓችሁን ሞዴል አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጋችሁ አረጋግጡ።

የፒሲአይኢውን ትውልድም እግረ መንገዳችሁን እዩ። የአራተኛው ትውልድ ዲስክ በሦስተኛው ስሎት ላይ ይሠራል፣ ግን በሦስተኛው ፍጥነት ነው። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ካልሆነ በቀር ትርፍ ብር አታውጡ። ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ ደግሞ ያንን ብር እሱ ላይ ጨምሩት።