የኮሮላ ካምቢዮ በተቀራረቡ ማርሾች ማሠራት፦ በጅማ ያገኘሁት አገልግሎት

የአሮጌ ኮሮላዬ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ መንጫጨት በመጀመሩ ጅማ ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ ጋራዥ ወሰድኳት፤ ካምቢዮው መፈታቱ ካልቀረም ማርሾቹ እንዲቀራረቡ፣ ማለትም ማርሽ ሲቀየር የሞተሩ ዙር ብዙ እንዳይወርድ፣ ጠየቅሁ። በነባሩ ሲ50 ካምቢዮ የአንደኛው ማርሽ ሬሾ (የካምቢዮው መውጫ አንዴ ሲዞር ሞተሩ የሚዞረው መጠን) 3.545፣ የሁለተኛው 1.904 ስለሆነ፣ በደቂቃ 5000 ዙር ላይ ሲቀየር ሞተሩ ወደ 2700 ገደማ ይወርዳል፤ የጊቤን ዳገት ለወጣ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሲ56 ከተባለው ሌላ የቶዮታ ካምቢዮ የመጣው 3.166 አንደኛ ማርሽ ዙሩን 3000 ላይ ያቆየዋል፤ ሦስተኛውም ከ1.310 ወደ 1.392 ቀርቧል፤ አምስተኛው 0.815 እንደነበረ ስለቀረ የረጅም መንገድ ጉዞ አልተለወጠም።

መካኒኩ ጥንቁቅ ነው። የነሐሱን የሲንክሮ ቀለበት (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክለውን) ከማርሹ ጋር ገጥሞ፣ በመካከላቸው በቂ ክፍተት መኖሩን በስስ መለኪያ አሳየኝ፤ ነሐስ እንዳይበላም ጂኤል 4 የተባለው የካምቢዮ ዘይት ደረጃ ካልሆነ አልሞላም አለ። ቅሬታዬ ሁለት ነው፦ በሳምንት ያልቃል የተባለው ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀ (ቡናው ግን አልተቋረጠብኝም)፤ የአንደኛው ማርሽ ጉልበት መቀነሱ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ሲነሱ ፍሪሲዮኑን እንደሚያደክም ደግሞ የነገረኝ የለም፣ ከተረከብኩ በኋላ ነው የደረስኩበት። ሁለተኛው ማርሽ አሁን በሁለት ጣት ይገባል።