ላስ ቬጋስ የፖከር ዓለም ሻምፒዮና፣ በነፃ ገብቼ ያየሁት

ቬጋስ ስኖር አስራ አንድ ዓመት አለፈኝ። ማታ ማታ መኪና ነው የምነዳው፣ ካዚኖ በር ላይ ሰው ሳወርድ ሰው ስጭን አድራለሁ ግን አንድም ቀን ውስጥ ገብቼ ፖከር ሲጫወቱ ቆሜ አይቼ አላውቅም ነበር። ሰው ከጃፓን ከብራዚል ትኬት ቆርጦ ለዚህ ይመጣል እኛ ደሞ አጠገቡ እየኖርን ከበሩ ነው የምንመለሰው። በ2025 ጁላይ ላይ ዲለር (ካርታ አዳይ) የሆነ ጓደኛዬ "አንተ ሰውዬ፣ ለማየት እኮ አያስከፍልም፣ ና ዝም ብለህ" ብሎ ጎትቶ ወሰደኝ። እማዬ ብትሰማ ቁማር ቤት ዋልክ ብላ ስንት ቀን እንደምታኮርፈኝ አላውቅም፣ ግን እመብርሃንን አንድ ዶላር አልነካሁም፣ ቆሜ ነው ያየሁት።

ቦታው ስትሪፑ (ካዚኖዎቹ የተደረደሩበት ዋናው ጎዳና) ላይ ሆርስሹ እና ፓሪስ የሚባሉት ሁለት ሆቴሎች ናቸው፣ በውስጥ በኩል ይገናኛሉ። ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ በየዓመቱ እዚያ ነው። ትኬት የለም ምዝገባ የለም፣ ዝም ብላችሁ ትገባላችሁ፣ ከገመዱ ወዲህ ቆማችሁ ታያላችሁ። መጀመሪያ የሚመታችሁ ድምፁ ነው። መቶ ምናምን ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ሰው ቺፑን (በብር ፈንታ የሚጫወቱበትን ክብ ጠጠር) በጣቱ እያንሿሿ ይቀመጣል፣ አንድ ላይ ሲሰማ በረዶ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ነው የሚመስለው። ሌላው ደሞ ዝምታው፣ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው፣ ግማሹ ኮፍያ ግማሹ ጥቁር መነፅር አድርጎ የቀብር ቤት ይመስላል።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ሁለት ካርታ ይሰጠዋል አምስት ካርታ ደሞ መሀል ላይ ለሁሉም ይዘረጋል፣ በነዚያ የተሻለ እጅ የያዘ ወይ ሌላውን አስፈራርቶ ያስጣለ ይበላል። ከሌላው ቁማር የሚለየው ተጫዋቹ የሚጫወተው ከቤቱ ጋር ሳይሆን እርስ በርስ ነው፣ ቤቱ የራሱን ክፍያ ብቻ ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ የሚችል ሰው የማይችለውን እየበላ ሊኖርበት ይችላል፣ ሙያ የሆነው ለዚህ ነው። ሻምፒዮናው ውስጥ ብዙ ውድድር አለ፣ ዋናው ውድድር መግቢያው 10,000 ዶላር ነው፣ እኔ በሄድኩበት ዓመት 9,735 ሰው ገብቶበት አንደኛ የወጣው ማይክል ሚዝራኪ 10 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ።

እኔን ግን ከጨዋታው በላይ ያቆመኝ ግድግዳው ነው። የድሮ ሻምፒዮኖች ፎቶ ከነዓመተ ምህረታቸው በትልቁ ተሰቅሏል። እኔ ደሞ የሰው ታሪክ ስወድ ለጉድ ነው፣ ከመሄዴ በፊት ሳምንቱን ሙሉ መኪና ውስጥ ስለነዚህ ሰዎች ስሰማ ነበር የከረምኩት፣ ስለዚህ ጓደኛዬ ስራ ላይ እያለ እኔ አንገቴን ቀና አርጌ ከአንዱ ፎቶ ወደ አንዱ ስዞር ሁለት ሰዓት ሙሉ አለፈ።

መጀመሪያ ጆኒ ሞስ። ውድድሩ በ1970 ሲጀመር የዛሬው ሆቴል ሳይሆን ዳውንታውን ፍሪሞንት ጎዳና ላይ የነበረው የቤኒ ቢንየን ሆርስሹ ነው፣ ጥቂት የቴክሳስ ቁማርተኞች ተሰብስበው ለቀናት ተጫወቱና ማን ይበልጣል ተብሎ በድምፅ ተመረጠ። የሚባለው መጀመሪያ ሁሉም ለራሱ ድምፅ ሰጠ፣ ከዚያ ከናንተ ቀጥሎ ማነው ሲባሉ ሞስ ወጣ ነው 😂 ቁማርተኛ ምን ቢሆን ራሱን አያሳንስም።

ከዚያ ዶይል ብራንሰን። እኚህን ሽማግሌ ወድጃቸዋለሁ፣ አንቱ ማለቴም ለዚህ ነው። የቴክሳስ ገበሬ ልጅ ናቸው፣ በ1933 የተወለዱ፣ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበሩ፣ የሚኒያፖሊሱ ሌከርስ የሚባለው ትልቅ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሁሉ ዓይኑን ጥሎባቸው ነበር። ክረምት ላይ ፋብሪካ ሲሰሩ ጭነት ተንሸራቶ እግራቸውን ሰበረውና ኳሱ እዚያው ቀረ። ማስተርስ ድግሪ ይዘው የቢሮ ማሽን ሻጭ ሆኑ፣ ከዚያ ካርታ ላይ ተቀምጠው በጥቂት ሰዓት የበሉት ብር ከወር ደሞዛቸው በለጠባቸው። በቃ። ያኔ እንደዛሬው ኤሲ ያለበት አዳራሽ የለም፣ ከተማ ለከተማ እየዞሩ በየጓዳው ነው የሚጫወቱት፣ ህጋዊ አይደለም፣ ፖሊስ አለ፣ ሽጉጥ ይዞ የሚዘርፍ አለ። ማሸነፍ አንድ ነገር ነው ያሸነፉትን ይዞ ከሰፈር መውጣት ሌላ። በ1962 ካንሰር ተገኘባቸው፣ ወራት ነው የቀረህ ተባሉ፣ ዳኑ። 1976 እና 1977 ተከታታይ ሻምፒዮን ሲሆኑ ሁለቱንም ዓመት የመጨረሻው እጅ ላይ የያዙት ካርታ 10 እና 2 ነው፣ ያው ተራ እጅ፣ እስከዛሬ ሰው 10 እና 2 ሲይዝ በሳቸው ስም ነው የሚጠራው። አስር የወርቅ አምባር አላቸው (ሻምፒዮናው ውስጥ አንድ ውድድር ያሸነፈ የሚሸለመው ነው)፣ 2023 ላይ በ89 ዓመታቸው አረፉ። ስልሳ ዓመት ከአንዲት ሚስት ጋር፣ ስልሳ ዓመት ቁማር። ሁለቱ ባንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚገጥም እኔ አላውቅም።

ቀጥሎ ያለው ፎቶ ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ፣ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ እዚያ ነው ያጠፋሁት። ስቱ አንገር። 1980፣ 1981፣ ከዚያ አስራ ስድስት ዓመት ባዶ፣ ከዚያ 1997። ባዶው ውስጥ ያለውን ፎቶው አይነግራችሁም።

ልጁ የኒውዮርክ ነው፣ አባቱ መጠጥ ቤት ነበረው ውርርድም ይቀበል ነበር፣ አባትየው በልጅነቱ ሞተበት። ሲጀምር ፖከር አይደለም ጨዋታው ጂን ራሚ ነው፣ እኛ አገር ኮንከር እንደምንጫወተው ካርታ እየሰበሰቡ መደርደር። በዚህ ማንም የማይችለው ከመሆኑ የተነሳ የሚጫወተው ሰው ጠፋ። አስቡት፣ በጣም ስለቻልክ እንጀራህ ሲቆረጥ። ቬጋስ መጥቶ ወደ ፖከር የገባው ሰው ስለጠፋ ነው፣ በ1980 ገና ለጨዋታው አዲስ እያለ የመጨረሻው ወንበር ላይ ዶይል ብራንሰንን ቁጭ አርጎ በላቸው፣ በዓመቱ ደገመ። የሰው ልጅ የተጣለ ካርታ ሁሉ እንዲህ ያስታውሳል ወይ ያሰኛል። ያገኘውን ግን ፈረስ እሽቅድምድም ላይ፣ ኳስ ውርርድ ላይ፣ ኮኬይን ላይ ይጨርሰዋል። 1990 ላይ ዋናውን ውድድር እየመራ በሶስተኛው ቀን ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ራሱን ስቶ ተገኘ። ወንበሩ ባዶውን፣ ቺፑ በየዙሩ ለግዴታ ውርርድ እየተቆረጠ፣ ሰውዬው በሌለበት ዘጠነኛ ወጣ! በሌለበት!

1997 ላይ መግቢያ እንኳ አልነበረውም፣ ቢሊ ባክስተር የሚባል ጓደኛው ከፈለለት፣ ያደረገው ሰማያዊ ክብ መነፅር በኮኬይን የተጎዳ አፍንጫውን ለመሸፈን ነበር ይባላል። አሸነፈ፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር፣ ግማሹ የባክስተር። የልጁን ፎቶ ይዞ ነበር። በወራት ውስጥ ድርሻው አለቀ። በዓመቱ ባክስተር እንደገና ልክፈልልህ አለው፣ ውድድሩ ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩት ደክሞኛል አለ። ኖቬምበር 1998 ርካሽ ሞቴል ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ፣ 45 ዓመቱ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ የነበረው 800 ዶላር አካባቢ፣ ለቀብሩ ገንዘብ ተዋጣ። ከፎቶው ስር ይሄ ሁሉ አልተፃፈም፣ ያው አይጠበቅም፣ ግን አንድ ሁለት መስመር ቢኖር ጥሩ ነበር፣ አጠገቤ ፎቶ የሚያነሱት ወጣቶች ማን እንደሆነ ሳያውቁ ነው አልፈውት የሄዱት።

ከሱ በኋላ ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ አየሁ። ጆኒ ቻን ከቻይና በልጅነቱ መጥቶ ቤተሰቡ ሬስቶራንት የነበረው፣ 1987 እና 1988 አሸንፎ 1989 ሶስተኛውን ሊደግም የመጨረሻው ሰው ሲቀረው በ24 ዓመት ልጅ ተበላ። የሚያስቀኝ ብርቱካኑ ነው፣ ያኔ አዳራሹ የሲጋራ ጭስ ስለነበር ብርቱካን እያሸተተ ነበር የሚጫወተው፣ ሰው ግን አስማት ነው ብሎ ብርቱካን ይዞ መምጣት ጀመረ። ያ የበላው ልጅ ፊል ሄልሙዝ ነው፣ ዛሬ 17 አምባር አለው፣ ማንም አልደረሰበትም፣ ሲበላ ደሞ እንደ ሞልቃቃ ህፃን ይነጫነጫል፣ ቅፅል ስሙም ያው ነው። እኔ አይመቸኝም፣ ግን 17 17 ነው።

ይሄን ሁሉ አዳራሽ የሞላው ደሞ ክሪስ መኒሜከር ነው ይላሉ፣ የቴነሲ ሒሳብ ሰራተኛ፣ የአያት ስሙ (ገንዘብ ሰሪ ማለት ነው) እውነተኛ ስሙ ነው እንዳትስቁ። 2003 ላይ ኢንተርኔት ላይ በ86 ዶላር ተጫውቶ የ10,000 ዶላሩን መግቢያ አገኘ፣ ከድርሻው ላይ ለአባቱና ለጓደኛው ቆርሶ ሸጠ፣ መጥቶ 2.5 ሚሊዮን በላ። የዚያን ዓመት 839 ሰው ነበር የተወዳደረው፣ በዓመቱ 2,576፣ በ2006 ደሞ 8,773 ደረሰ። እሱ ከቻለ እኔ ምን ያንሰኛል ያለው ሁሉ መጣ ማለት ነው።

ግድግዳው ላይ የሌሉት ደሞ አሉ። ፊል አይቪ ብዙ ሰው ምርጡ የሚለው ነው፣ 11 አምባር አለው ግን ዋናውን አሸንፎ አያውቅም። ልጅ እያለ ጄሮም በሚል በሰው መታወቂያ ነበር አትላንቲክ ሲቲ የሚገባው። በ2012 ለንደን ውስጥ ከቤቱ ጋር በሚደረግ የካርታ ጨዋታ 7.7 ሚሊዮን ፓውንድ በላ፣ ካዚኖው አልከፍልም አለ፣ ለካ የካርታው ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ የህትመት መዛነፍ እያነበበ ነበር። አላጭበረበርኩም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፣ 2017 ላይ ተረታ። ሴቶችም አሉ፣ ባርባራ ኤንራይት በ1995 አምስተኛ ከወጣች በኋላ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሴት የዋናው ውድድር የመጨረሻ ጠረጴዛ (የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ሰዎች የሚቀመጡበት) ላይ አልደረሰችም፣ በ2025 ስፔናዊቷ ሊዮ ማርጌትስ ደርሳ ሰባተኛ ወጣች።

እረፍት ላይ ጓደኛዬ ወጣ፣ አንድ ቡና ቤት (የቱ እንደሆነ አልናገርም) ለአንድ ማኪያቶ የሰው ደሞዝ አስከፈለን፣ እዚያ ቁጭ ብለን "እነዚህ ሁሉ ሚሊየነር ናቸው አይደል" አልኩት። ሳቀ። ኢንተርኔት ላይ እገሌ ይሄን ያህል ሚሊዮን በልቷል የሚለው መግቢያውን ሳይቀንስ ነው አለኝ። ዳንኤል ኔግራኑ የሚባለው ታዋቂው ካናዳዊ ራሱ ሒሳቡን አውጥቶ ነበር፣ በ2017 ወደ 2.8 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ሰብስቦ ዓመቱን የዘጋው 86,000 ገደማ ከስሮ ነው፣ መግቢያው ብቻ ጨረሰው። ብዙዎቹ ደሞ ድርሻቸውን ሸጠው ነው የሚቀመጡት፣ እንደ አክሲዮን በሉት፣ አሸናፊው ቺፕ ይዞ ፎቶ ሲነሳ ግማሹ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። "ፊታቸውን አይተህ ታውቃለህ ማን እየከሰረ እንደሆነ?" አልኩት። "እኛ ፊት አናይም፣ እጅ ነው የምናየው፣ እጅ ይንቀጠቀጣል" አለኝ።

እንግዲህ መሄድ ለምትፈልጉ፣ ዋናው ውድድር ከጁላይ መጀመሪያ ጀምሮ ሁለት ሳምንት አካባቢ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተዉት፣ የሰው ጎርፍ ነው ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ሶስተኛ አራተኛ ቀን ላይ ሂዱ፣ ሰው ሳስቶ ታዋቂዎቹ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ከሆኑ ሁለት ሜትር ላይ ቆማችሁ ታይዋቸዋላችሁ፣ እኔ ሄልሙዝን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ በጣም ረጅም ነው። የያዙትን ካርታ ግን አታዩም፣ ያ የሚታየው በቲቪ ነው፣ ስለዚህ ጨዋታውን ልማር ብሎ ለሚመጣ አይሆንም፣ ሰው ልይ ለሚል ነው። ጃኬት ያዙ፣ ውጪ 43 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ ደብረ ብርሃን ነው። ምቹ ጫማ፣ መቀመጫ ብዙም የለም። ልጅ ይዛችሁ አትምጡ፣ ከ21 በታች ቁማር ቦታ ላይ መቆም አይፈቀድም። ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ፣ አምስተኛዋን እግሬ ነው የከለከለኝ።

ማታ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣን። ከስትሪፑ ወዲያ ያለ አንድ ፓርኪንግ (ይሄንንም ስሙን ልተወው) ነበር መኪናዬን ያቆምኩት፣ ማሽኑ 38 ዶላር አለኝ። ጓደኛዬ ትከሻዬን መታ አርጎ "ካርታ ሳትነካ ተበላህ" ብሎኝ ወደ መኪናው ሄደ።