ደሴ ላይ ሥጋ የሌለበት ምሳ፦ የሆቴሉ ገበታ ወይስ በያይነቱ?

ደሴ ላይ ሥጋ ለማይበላ እንግዳ ደህና ምሳ ልጋብዝ ስል ሁልጊዜ በሁለት ነገር መካከል እቆማለሁ፤ ትልቅ ሆቴል ገብቶ የባሕር ማዶ ምግብ ማዘዝ ወይም በያይነቱ። የሆቴሉን ሁሙስ እወደዋለሁ፤ ሽምብራው ከሰሊጥና ከሎሚ ጋር ልሞ አፍ ውስጥ ይቀልጣል። ግን ቀዝቃዛ ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር በሚነፍሰው ብርድ፣ ያው ሽምብራ በሸክላ ድስት ሽሮ ሆኖ ሲንተከተክ ይበልጥብኛል። ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተዘጋጅቶ በስናፍጭ የሚብላላውን ስልጆ የሚተካ ነገርማ ከየትም አገር አልቀመስኩም!

ረጋ ብሎ ለመጨዋወት ሆቴሉ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። ጾመኛ ከሆናችሁ ደግሞ አስተናጋጁን ጠይቁ፤ ሥጋ የሌለው ፓስታ አይብ ወይም ቅቤ ሊኖረው ይችላል።